ጋሼ «ያዘ» ሲል

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ሁለት ሠርግ በአንድ አዳራሽ። የመጀመሪያዎቹ ሙሽሮች ፎቶ ሳይጨርሱ የሁለተኛዎቹ ዘመዶች በሩን ዘግተው ቆመዋል። የወደብ ከተማችን ሞክፖ ውስጥ ሰው ሁሉ ለመጋባት ይሄን ወር ነው የሚጠብቀው... እግሬ አልቋል።

ካሜራችን አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ክረምት ላይ ውሃ ገብቶበት ቀረ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ከባለ ሦስት እግሩ ትራይፖድ ወደ እጅ መያዣው ጂምባል፣ ከጂምባል ወደ ትራይፖድ። ቃል ኪዳኑ በትራይፖድ ቆሞ ይቀረጻል፤ ሙሽራዋ ስትገባ ደግሞ ጂምባሉን በእጅ ይዞ፣ ካሜራው ሳይናጥ፣ ወደ ኋላ እየሄዱ ነው። ካሜራው ሆድ ላይ የታሰረችው ጠፍጣፋ ብረት፣ ፕሌቷ ባትኖር ቡሎን ስንፈታና ስናስር ሙሽሮቹ ተጋብተው በተፋቱ ነበር። አሁን ማንሸራተት ነው። መቆለፊያው ቀጭ ይላል፣ አለቀ።

ሕጋችን እንደ ድሮው ነው። ያስገባው ሰው ሁለቴ ሳብ ያደርግና «ያዘ» ይላል። ደግፎ የቆመው ሰው «ያዘ» ሳይባል እጁን አይለቅም። ጋሼ ኢንግዩ ነው ያስተማረኝ። እስከ ዛሬ እኔ «ያዘ» ካልኩ በኋላ መጥቶ ራሱ ይስበዋል። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው እኮ... እኔ ግን የሱን ስቤ አላውቅም። ታላቅ ወንድም «ያዘ» ካለ ይዟል። ተከትሎ መሳብ በሰው ፊት «አላምንህም» ማለት ነው።

ዛሬ ደስ ብሎኛል። ጋሼ ከታመመ ወዲህ ሙሉ ቀን ሲሠራ ይሄ የመጀመሪያው ነው። አምና ጨጓራው ተቆርጦ፣ በላዩ ላይ ያ የካንሰር መድኃኒት ተጨምሮበት፣ አልጋ ላይ ሆኖ እንኳ «ሌንሱን ጠረግሽው?» ነበር የሚለው። ሌላው ሰው ልጆቹን ይጠይቃል።

ጥቅምት 11

ከዓሣ ገበያው ጀርባ ከጋሼ ጋር ምሳ። ሾርባው በድንጋይ ሳህን እየተንተከተከ ነው የሚመጣው። ጋሼ ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ራሱ ጎተተው። አስተናጋጇ ክው አለች። «አባባ፣ እሳት እኮ ነው።»

እሱ ሳቅ ብሎ እጁን ጠረጴዛው ስር ደበቀ። «ቆዳዬ ወፍሯል» አለኝ።

እኔን ያናደደኝ «አባባ» መባሉ ነው። ገና ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ስለከሳ ነው እንጂ...

ጥቅምት 15

ሠርግ። ዝናብ። የሙሽራው አባት ሞቅ ብሎት ጂምባሉን ሊያቅፈው ነበር። ሌላ ምንም የለም።

ጥቅምት 17

ነገ ሶክማንዶ ደሴት እንሄዳለን፣ ለዕድሜ ፎቶ። ሽማግሌዎቹ ደህና ሳሉ፣ ፊታቸው ሳይሟጠጥ፣ ለቀብራቸው የሚሆነውን ፎቶ ይነሳሉ። አበባው መሃል የሚቆመውን። ቀድሞ የተነሳ ሰው ዕድሜው ይረዝማል ስለሚባል ማንም የሞት ፎቶ አይለውም።

ጋሼ በዚህ ላይ የራሱን ጨመረበት። ፎቶው ካለቀ በኋላ ሰውየውን ወይም ሴትዮዋን በጂምባል ተከትለን፣ ጓሮ ድረስ ሲራመዱ እንቀርጻለን። ትንሽ ነገር ናት። «ፊት ብቻውን ምን ያደርጋል፣ ልጆቻቸው አረማመዳቸው ነው የሚናፍቃቸው» አለ። መጀመሪያ ሲናገር ሥራ ሊያበዛብኝ መስሎኝ ተነጫንጬ ነበር። በኋላ አንዷን ልጅ የእናቷን አረማመድ ስታይ አየኋት። ከዚያ ወዲህ አልተነጫነጭኩም።

ከአልጋ ያነሳው ይሄ ሥራ ነው። ሐኪሙ ሐኪም ነው፣ አልክድም... ግን ጋሼን ያነሳው ይሄ ነው።

የድሮዋ ፕሌት ጠርዟ ስለተበላ አዲስ ገዝቷል። እንደ ልጅ እያገላበጠ ሲያያት ነበር።

ጥቅምት 18

ማንም አልተጎዳም። መጀመሪያ ይሄን ልጻፈው። ማንም አልተጎዳም።

በጠዋቱ ጀልባ ገባን። የመንደሩ አዳራሽ ወለሉ ሞቋል፣ ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ በካልሲ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። ሁሉም ነገር ደህና እየሄደ ነበር። አንድ ሽማግሌን እስከ ሽንኩርት ማሳቸው በጂምባል ተከትዬ ተመለስኩ። ጋሼ ካሜራውን ከነፕሌቷ ከጂምባሉ አውጥቶ ትራይፖዱ ላይ አስገባው። ለፊት ፎቶ ካሜራው በጎኑ ነው የሚቆመው፤ ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው የመቆለፊያው ንክሻ ነው። እኔ ሌንሱን ከስር ደግፌያለሁ።

ልክ በዚያች ሰዓት ጣሪያው ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ አንባረቀ። የመንደሩ ሹም ነው። «ያልተነሳችሁ ወደ አዳራሽ ኑ፣ መነጽርና ጥርሳችሁን እንዳትረሱ፣ ደግሞ የአቶ ፓንግ ውሻ ተፈቷል...» መስኮቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

ጋሼ ሁለቴ ሳበ። «ያዘ» አለ። እጄን ለቀቅኩ።

ቀጣይዋ እማማ ቡንሬ ነበሩ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ጆሯቸው ይከብዳል። ቁጭ ይበሉ ሲባሉ «ከመነሳቴ በፊት እኔም ውስጡን ልየው» ብለው ወደ ካሜራው መጡ። ትራይፖዱ አጠገብ ቆመው አንገታቸውን ሲያሰግጉ... ካሜራው ተንሸራቶ ወደቀ። ሦስት ኪሎ ብረትና መስታወት። ከእግር ጣታቸው አንድ ስንዝር አይርቅም። ሌንሱ ተፈረካከሰ።

ከዚያ ጥግ ያሉት አንዲት አሮጊት ተነስተው ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። ለቀብር ፎቶ ተቀምጠህ ካሜራው እግርህ ስር ሲወድቅ... ማን ይቀመጣል? አንድ በአንድ ወጡ። ሹሙ ከማይክራፎኑ ተመልሶ ባዶ አዳራሽ ገባ።

ጋሼ ተንበርክኮ ፕሌቷን አነሳ። ፊቱ አመድ መስሏል። «አዲሷ ፕሌት ናት» አለ። «ጠበብ ብላ ነው የተሠራችው።» ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየ።

«አዎ፣ ፕሌቷ ናት» አልኩ።

ያልሄዱት እማማ ቡንሬ ብቻ ናቸው። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።

«ምንድን ነው የሚሯሯጡት? እኔ ላይ አልወደቀ። አንሱኝ።»

«እማማ፣ ሌንሱ ተሰብሯል። ሌላ ቀን መጥተን እናነሳዎታለን» አልኳቸው ጆሯቸው ስር።

«በኔ ዕድሜ ሌላ ቀን የሚባል ነገር የለም» አሉና ሐምራዊ ሹራባቸውን እየጎተቱ ወጡ።

ጥቅምት 19

ቤት ውስጥ ፕሌቷን ከመቆለፊያው ጋር አስገብቼ፣ አውጥቼ፣ አስገብቼ... ምንም አልጠበበችም። ልክክ ነው የምትለው።

«አዎ፣ ፕሌቷ ናት» ያልኩት ለምንድን ነው? ስላየኝ ነው። እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

ጥቅምት 22

ሠርግ። በድሮው ሌንስ ሠራን። ዛሬ ዓይኔን ከጋሼ ላይ አልነቀልኩም፣ ሙሽሮቹን ማን እንደቀረጻቸው እንጃ።

ገብቶኛል። እግዜር ይይልኝ፣ ባይገባኝ ይሻል ነበር።

ፕሌቷን ሲያስገባ ጆሮውን ወደ መቆለፊያው ጠጋ ያደርጋል። እንደ ዘበት፣ አንገቱ እንደደከመው ሰው። መጀመሪያ አዳራሹ ፀጥ ባለበት ሰዓት አደረገው፤ ቀጭ ሲል «ያዘ» አለ። በኋላ ፒያኖው ሲጀምር ደግሞ አስገባና ጆሮውን አስጠጋ። ፒያኖው እስኪያርፍ ጠበቀ። መቆለፊያውን ፈቶ እንደገና ቆለፈ። ያን ጊዜ ሰማና «ያዘ» አለ።

በጣቱ አይደለም የሚያውቀው። በጆሮው ነው።

ሁለቴ መሳቡንማ ይስባል። ግን ግማሽ የተነከሰች ፕሌት ስትሳብ ወዲያው አትወጣም፤ ጣት ስር ትንሽ ትነቃነቃለች። ያቺን ንቅንቅታ ጣት ካልሰማ መሳቡ ምን ዋጋ አለው? ደሴቱ ላይ ድምፅ ማጉያው ይጮህ ነበር። ጋሼ ምንም አልሰማም። ታዲያ ለምን «ያዘ» አለ? ሰው ሁሉ እያየው ስለነበረ ነው። «ቆይ፣ እንደገና ልየው» ማለት ከበደው። እኔም ስቤ ማየት ከበደኝ። ሁለታችን ተከባብረን አንዲት አሮጊት ልንገድል ነበር።

ያ የፈላ ሳህንም... ቆዳው አልወፈረም።

አሁን ምን ላድርግ? ብናገር ካሜራውን መንጠቄ ነው። ያለ ካሜራ ጋሼ ምን ይሆናል? ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ያንን በሽታ ነው። ዝም ብል ደግሞ አንድ ቀን ሦስት ኪሎ ብረት... ዛሬ አበባ የምትበትነዋ ሕፃን ትራይፖዱን ተጠግታ ነው የቆመችው። ቀሚሷ ነጭ ነበር።

ጥቅምት 29

መላ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ጋሼ «ያዘ» ብሎ ዞር ሲል፣ ኬብል የማስተካክል መስዬ ሄጄ ራሴ እስበዋለሁ። ሁለት ጊዜ አደረግኩት፣ አላየኝም። በሦስተኛው ቀና ስል አዳራሹ ግድግዳ ላይ ያለው ትልቅ መስታወት ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

እንግዶቹ ወጥተው ዕቃ ስንጠቀልል...

«ከመቼ ጀምሮ ነው ተቆጣጣሪዬ የሆንሽው?»

«ኬብሉን እያየሁ ነበር ጋሼ።»

«ውሸትሽን ነው። ስትዋሺ አፍንጫሽ ይነፋል፣ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ።»

«አንተስ?» አልኩ። ምላሴን ይቁረጠው።

«እኔ ምን?»

ኬብሉን መጠቅለል ቀጠልኩ። ትራይፖዱን ተሸክሞ ብቻውን ወደ መኪናው ሄደ። በደረጃው ሲወርድ መደገፊያውን ይዞ እግሩን ሲያይ አየሁት። አንድ በአንድ ነው የሚወርደው። እግሩም ነው ማለት ነው?

ኅዳር 6

ሠርግ። ሲሠራ ስሜን አልጠራም። «ያዘ» ይላል፣ እለቃለሁ። ከለቀቅኩ በኋላም ዓይኔ መቆለፊያው ላይ ነው። ሙሽራዋ ቆንጆ ነበረች መሰለኝ።

ኅዳር 14

ጎመን ቀናችን፣ ለዓመት የሚሆን ኪምቺ የምንሠራበት። የጋሼ ባለቤት እትዬ ቾንጃ እንደ አምናው ለሰፈር የሚበቃ ጎመን ጨው ውስጥ ነክራ ጠበቀችኝ። ግቢው ውስጥ ተቀምጠን በርበሬውን በየቅጠሉ መሃል ስንቀባ ጋሼ ራዲሽ፣ ያንን ነጭ ሥር፣ እየከተፈ ነበር። ደም አየሁ። የከተፈው ነጭ ክምር ላይ ቀይ ቀይ። እሱ ይከትፋል።

«ጋሼ፣ እጅህ።»

አየው። የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ ነው ያየው። «ኧረ» አለና ተነስቶ ገባ።

እትዬ ቾንጃ በርበሬ የነካ ጓንቷን ሳታወልቅ እንባዋን በክንዷ ጠረገች።

«እንዳልነግርሽ አስምሎኛል» አለች።

«አትንገሪኝ እሺ። የማውቀውን ልንገርሽና አንቺ ዝም በይ። መድኃኒቱ ነው?»

ዝም አለች።

«ጣቶቹን በሙሉ?»

ዝም።

«ሐኪሙ ስሜቱ ይመለሳል ብሏል?»

ቅጠሉን ገልብጣ መቀባቷን ቀጠለች። ከቆይታ በኋላ «ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን እኔ ነኝ የምቆልፍለት» አለች። «ካሜራውን ግን አትውሰጅበት ዮንሲል። እለምንሻለሁ። ማታ ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ያንን መቆለፊያ ጆሮው ላይ አድርጎ ቀጭ ቀጭ ሲያደርግ... ድምፁን ሲያጠና እኮ ነው።»

የኪምቺ ድርሻዬን ይዤ መጣሁ። አልቀመስኩትም።

ኅዳር 16

ዛሬ ያደረግኩትን ጠላቴም አያድርገው።

ስቱዲዮ ነበርን። ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት፣ በጣም ከፍ። ትራይፖዱን ፊቱ አቆምኩ። ካሜራ አልጫንኩበትም፤ ፕሌቷን ብቻ በአንድ ብረት ላይ አስሬ ሰጠሁት።

«አስገባው ጋሼ።»

ምን እንደፈለግኩ ገብቶታል። ጅል አይደለም። ቢሆንም ወሰደው። አንሸራተተና መቆለፊያውን ገፋ። ጆሮውን ሊያስጠጋ ጀመረና ተወው፤ እኔ እያየሁት ነዋ። ሁለቴ ሳበ።

«ያዘ?» አልኩት።

ሬዲዮው ላይ አንዲት ሴት ትዘፍናለች። ጋሼ ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። መቆለፊያው በኔ በኩል ስለነበረ ግማሽ መንገድ ላይ መቆሙን አያለሁ። «አላውቅም» ቢል ይበቃኝ ነበር። በልቤ በለው፣ በለው እያልኩ ነበር።

«ያዘ» አለ።

የትራይፖዱን ራስ ወደ ጎን አዘነበልኩት። ብረቱ ወለሉ ላይ ወድቆ ተንከባለለ፣ ወንበሩ ስር ገባ።

አባታችን ሲሞት እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ያሳደገኝ ይሄ ሰው ነው። ጫማዬን ያስርልኝ የነበረው በነዚያ ጣቶች ነው። ቆሜ አየሁት፣ እሱም ወለሉን አየ።

«ሬዲዮውን ቀንሺው» አለኝ።

ቀነስኩት።

«መጀመሪያ ጫፍ ጫፉ ብቻ ነበር። ጓንት ያደረግሁ ነው የሚመስለኝ። አሁን ሁሉም ነው። እግሬም እንደዚያው። ሐኪሙ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል ነው የሚለው።» ቁጭ አለ። «የዚያች ሴትዮ እግር በየቀኑ ይታየኛል። ካልሲዋ። አውራ ጣቷ ላይ የተጣፈች ካልሲ ነበረች።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ምን ትይኝ ነበር?»

ብረቱን ከወንበሩ ስር አወጣሁ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሄደ። የስቱዲዮውን ቁልፍ።

ኅዳር 17

አልመጣም።

ኅዳር 20

ብቻዬን ሠርግ ሠራሁ። አስገባሁ፣ ሁለቴ ሳብኩ፣ «ያዘ» አልኩ። ለማን ነው የምለው? የሙሽራዋ አክስት ዞር ብላ አየችኝ።

ሰው ሁሉ «ጋሽዬስ?» ይላል። ጉንፋን ይዞት ነው እላለሁ። አፍንጫዬ ሲነፋ ይሰማኛል።

ትክክል ነው ያደረግኩት። አውቃለሁ። ትክክል ሆኖ እንዲህ የሚያም ነገር ግን አላየሁም።

ኅዳር 25

የሶክማንዶ ሹም ደወለ። ስልክም ሲያወራ እንደ ድምፅ ማጉያው ነው።

«ሰዎቹ ልባቸው ተመልሷል። እማማ ቡንሬ እየዞሩ ሰበኳቸው። "ካሜራው እኔን የሳተኝ ዕድሜዬ ገና ስለሆነ ነው፣ እናንተስ ምን አስፈራችሁ" እያሉ። አሁን ሁሉም ልነሳ ነው የሚለው።»

«እሺ፣ እኔ እመጣለሁ።»

«ሰውየውስ? ወንድምሽ?»

«ትንሽ አሞት...»

«እሱ ከሌለ እማማ ቡንሬ አይነሱም። ባለፈው ተንበርክኮ ዕቃውን ሲለቅም ፊቱን አይቻለሁ፣ ያ ሰው ሳያየኝ አልነሳም ነው የሚሉት። እሳቸው ካልተነሱ ሌሎቹም እንጃ።»

ኅዳር 26

ጋሼ ቤት ሄድኩ። ፒጃማ ለብሶ ቴሌቪዥን ያያል፣ በቀን። ጢሙ አድጓል። ስለ ደሴቱ ነገርኩት።

«ሄጄ ምን ልሠራ? ሻንጣ ልጠብቅ?»

«ሻንጣውን አልሰጥህም፣ ትጥለዋለህ።»

እትዬ ቾንጃ ከኩሽና ክው ብላ ብቅ አለች። እኔም አፌን ያዝኩ። ጋሼ ግን... ሳቀ። ትንሽ ናት፣ ግን ሳቀ። ከዚያ ፊቱ እንደገና ተዘጋ።

«ዮንሲል፣ ዕድሜ ልኬን ሰው ያየሁት በሌንስ ነው። ያለሱ እጄን የት አደርጋለሁ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ኪስህ ውስጥ ክተተው።»

እመጣለሁም አልመጣምም አላለም። መጨቃጨቅ ፈልጌ ነበር። አቅፌው መሄድም ፈልጌ ነበር። እኛ ቤት አይተቃቀፉም። ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 1

ወደቡ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ጢሙን ተላጭቷል። አገጩ ላይ ሁለት ቦታ ተቆርጧል። ባሕሩ ግራጫ ነበር፣ ብርዱ አጥንት ይገባል።

አዳራሹ ሙሉ ነው። ጫማ ሲፈልጉ የነበሩት አሮጊት እንኳ ከፊት ተቀምጠዋል።

«ዛሬስ ብረቱን በገመድ አሰራችሁት?» አሉ። ሁሉም ሳቁ።

ትራይፖዱን ዘረጋሁ። ጋሼ ግድግዳው ጋ ቆሟል፣ እጁ ኪሱ ውስጥ። የሽንኩርቱ ሽማግሌ አዩት። «ምነው፣ አለቃው ዛሬ ሥራውን ለእህትህ ጣልክባት?»

ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። ጉንፋን፣ ወገብ፣ የሆነ ነገር... ጋሼ ቀደመኝ። እጆቹን ከኪሱ አወጣና ፊት ለፊታቸው ዘረጋቸው።

«ጣቶቼ አይሰማቸውም» አለ። «በመድኃኒት ነው። ባለፈው የወደቀው ፕሌቷ ጠብባ አይደለም። አልያዘም ነበር፣ እኔ ይዟል አልኩ። እህቴ እኔን ብላ ነው የዋሸችው።» ወደ እማማ ቡንሬ ዞሮ አጎነበሰ፣ ከወገቡ፣ ቆየት አድርጎ። «እግርዎን ልሰብር ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

እኔ ያለሁበት ጠፋኝ።

እማማ ቡንሬ አጠገባቸው ያለውን ሹም «ምን አለ?» አሉት። ሹሙ በዚያ ድምፁ ጆሯቸው ላይ ደገመላቸው። ሦስተኛው ቤት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

«እና?» አሉ እማማ። «የኔ ጆሮ አይሰማም፣ የሱ ጣት አይሰማም። የፓንግ ውሻ ደግሞ ጭራሽ ማንንም አይሰማም። ብረቱን እሷ ትያዘው። አንተ ና፣ እዚህ ቁምና እየኝ።»

ካሜራውን አስገባሁ። ቀጭ አለ። ሁለቴ ሳብኩ። «ያዘ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ለጋሼ። ራሱን ነቀነቀልኝ። መጥቶ አልሳበውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ከሌንሱ በስተግራ ቆመ። መጀመሪያ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶት ነበር። ከዚያ ማውራት ጀመረ። ስለ ሹራባቸው ቀለም፣ ማን እንደሠራው። ባለቤታቸው ሲሞቱ ስንት ዓመታቸው እንደነበር። እየጮኸ ነው የሚያወራው፣ ካልጮኸ አይሰሙማ። እማማ ቡንሬ እሱን እያዩ ፊታቸው ላላ፤ ግንባራቸው ተፈታ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ዓይናቸው ሞላና መልሶ ደረቀ። እኔ ቁልፉን ብቻ ነው የምጫነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ፊት አንስቼ አላውቅም።

ምስሉን ሳሳያቸው ችግሩን ነገርኳቸው፤ ዓይናቸው ወደ ጎን ነው። ለቀብር ፎቶ ዓይን ቀጥ ማለት አለበት። እንደገና እናንሳ አልኩ።

«ተይው» አሉኝ። «ልጆቼ እዚያ ሲያለቅሱ ፊት ለፊት አላፈጥባቸውም። ዞር ልበልላቸው።»

ሌሎቹም ተራ በተራ ተቀመጡ። ሁሉም ከጋሼ ጋር አወሩ። ጓሮ ሲሄዱ እኔ በጂምባሉ ተከተልኩ፣ ጋሼ ክንዳቸውን ይዞ ደፉ ድረስ ሸኛቸው። ማን ማንን እንደያዘ እንጃ፤ እሱም የሚረግጠው አይሰማው።

ስንመለስ ጀልባው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ምስሎቹን አንድ በአንድ አሳየሁት።

«ሁሉም ወደ ጎን ነው የሚያዩት» አለ በመጨረሻ።

«አንተን እያዩ ነው ጋሼ።»

ወደ መስኮቱ ዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ቦርሳው ውስጥ ባትሪ የምፈልግ መሰልኩ። ወደቡ ሲቀርብ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ርቄ ቆሜ ነው። በሚቀጥለው ወደ ሌንሱ ጠጋ ብዬ እቆማለሁ።»

በሚቀጥለው ነው ያለው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሚቀጥለው።